ከመርዙ የተረፈችው ውሻ

ጥር 17 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ሥራው አለቀ። ስልሳ ሦስት። ከቄራው ጀርባ ተቀበሩ። እጄን አራት ጊዜ ታጠብኩ።

አንዷ አልሞተችም። ነገ እጽፈዋለሁ።

ጥር 18፣ ሐሙስ

በታኅሣሥ መጨረሻ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ በእብድ ውሻ ተነክሳ ሞተች። ሂባቅ ትባላለች። ስለ እሷ እዚህ ደብተር ላይ አልጽፍም። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው።

ከተማው ተቆጣ፤ እውነቱን ነው። ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ ይጥፋ የሚል ትእዛዝ ወጣ። መርዙን መጥኖ ስጋ ውስጥ የሚከት ሰው ሲፈለግ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። ከሰላሌ ወጥቼ ጅግጅጋ ከገባሁ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰው ዶክተር ይለኛል፤ አይደለሁም ማለት ከተውኩ ቆይቻለሁ። «መርሻ፣ ካንተ ሌላ ማን ያውቅበታል?» አለኝ የክሊኒኩ ኃላፊ በዛብህ። እምቢ አላልኩም። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ስጋው ተበተነ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር በመኪና እየዞርን ሬሳ ለቀምን። በቄራው አጥር ሥር፣ ቦይ ውስጥ፣ አፈር የመሰለች ቀይ ውሻ ተዘርራ አገኘን። አንገቷ ወደ ኋላ ተቆልምሟል፤ እግሮቿ እንደ እንጨት ተገትረዋል። አንዱ ሠራተኛ ሊጎትታት ሲያጎነብስ ዓይኗ ተንቀሳቀሰ። እንዲህ ያለውን በድንጋይ ጨርሱ ተብለን ነበር። ድንጋዩን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

መልሼ ጣልኩት። «ይቺን ለምርመራ እፈልጋታለሁ» አልኩ። የምን ምርመራ? ማንም አልጠየቀኝም።

በጆንያ ጠቅልዬ ወደ ተከራየሁበት ግቢ ወሰድኳትና ማንም የማይገባበት አሮጌ ዕቃ ቤት ውስጥ አስተኛኋት። ማደንዘዣ ወጋኋት። ይህን መርዝ ድምፅና ብርሃን ይቀሰቅሰዋል፤ በር ሲንኳኳ፣ አህያ ሲያናፋ፣ ሰውነቷ እንደገና ይገተራል። መስኮቱን በጆንያ ጋረድኩ። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ትንፋሼን ውጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ላይ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ውሃ ጠጣች።

ሥራ አልሄድኩም። አሞኛል ብዬ ላክሁ።

ጥር 20፣ ቅዳሜ

አከራዬ ነቁብኝ። ኢዲል ይባላሉ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ስልሳ ያለፋቸው ሴት ናቸው። እንደ ሰፈሩ ሰው «ኤዶ» እላቸዋለሁ፣ አክስቴ እንደማለት ነው። የሱቅ አማርኛቸው ለቁጣም ይበቃቸዋል።

«መርሻ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ምን አለ?»

«ውሻ ነው፣ ኤዶ።»

«ውሻ! እኔ በዚህ ግቢ አምስት ጊዜ እሰግዳለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። ከዚያ አትወጣም።»

«አንተ አይደለህ የገደልካቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይቺን ለምን?»

ሻሻቸውን አጠበቁና «እስከ መቼ ነው?» አሉኝ።

«እስክትድንና የሚወስዳት ሰው እስካገኝ።»

«ዕቃዋን ከቤቴ ዕቃ ለይ። ውሻ አፉን ያስገባበት ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ነው። እኔ አላጥብም።» ሄዱ። ደርሰው ተመለሱ። «ውሃ ትጠጣለች?»

«ትጠጣለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ውሃ የሚሸሽ ውሻ ምን እንደሆነ አሁን በዚህ ከተማ የማያውቅ የለም።

ጥር 26፣ ዓርብ

ከተብኳት። ትበላለች፤ ግን ፊቴን ካላዞርኩ አትበላም። እጄን ስዘረጋ ወደ ጥጉ ትሸሻለች። ከሰው እጅ የመጣ ስጋ እንደማይታመን ተምራለች፤ ያስተማርኳትም እኔው ነኝ።

ሕጌን ልጻፈው። የታመመ ውሻ ቀደም ብሎ ነክሷት ከሆነ በሽታው ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እስከ ሚያዝያ ለማንም አልሰጣትም። በየጠዋቱ ውሃ ስትውጥ በዓይኔ አያለሁ። ስም አላወጣላትም። የምትሄድ ናት፤ የሚወስዳት ያውጣላት።

ድርቁ ከፍቷል። ከቀብሪበያ የሚመጡት ሚኒባሶች ጣሪያቸው ላይ የተጫኑት ፍየሎች አጥንታቸው ይቆጠራል። ክሊኒኩ በር ላይ ሰው ከነፍየሉ ተኝቶ ያድራል። መድኃኒት እንሰጣለን። የሚያስፈልጋቸው ሣር ነው።

የካቲት 3፣ ዓርብ

በወፍጮ ቤቱ በኩል አላልፍም ብዬ ነበር። ዛሬ አማራጭ አጣሁና አለፍኩ። ዘበኛው በኃይሉ ጠራኝ። የድሮ ወታደር ነው፤ ካራማራ ላይ የተመታ እግሩን እየጎተተ መጣ።

«ልጅቷን የነከሳትን ውሻ ከቡችላነቱ ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «እንቅልፍ የለኝም።»

«አንተ ምን አጠፋህ?»

«እኔማ ነግሬሃለሁ። ከነከሳት በአራተኛው ቀን ጠፋ፤ በአምስተኛው ክሊኒክ ድረስ መጥቼ ነገርኩህ። አልነገርኩህም?»

«ነግረኸኛል።»

«ለልጅቷ ሰዎች ነገርካቸው?»

«ሥራ በዛብኝ» አልኩት።

ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

በዚያ ሳምንት ሥራ በዝቶ ነበር። ከሀርሺን በኩል የግመል በሽታ ገባ የሚል ወሬ መጥቶ ነበር። የክሊኒኩን መዝገብ ገልጬ አይቻለሁ፤ መጥቶ ነበር፣ እውነት ነው።

ልጅቷ የምትኖረው አክስቷ ዘንድ ነበር። ከክሊኒኩ እስከ አክስቷ ሱቅ ስምንት ደቂቃ ነው። ዛሬ በእግሬ ሄጄ ለካሁት። ሱቁ ተዘግቷል።

የካቲት 14፣ ማክሰኞ

ውሻዋ ዛሬ ፊቴን ሳላዞር በላች።

በዛብህ የዝውውር ማመልከቻዬን ይዞ ጠራኝ። «አስም ብለህ ጽፈሃል። ሰባት ዓመት ሙሉ ስታስል ሰምቼህ አላውቅም።»

«አቧራው ነው።»

ማመልከቻው ላይ ያለው ቀን ታኅሣሥ 29 ነው። ልጅቷ በተቀበረች ማግስት። ቀኑ ላይ ጣቱን አሳረፈና ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ስወጣ ለጸሐፊዋ ሲነግራት ሰማሁ፦ «ስልሳ ሦስት ገድሎ አንዷን ያስታምማል። ንስሐ መሆኑ ነው እንግዲህ።»

አቧራው ግን በእውነት ያስቸግረኛል።

የካቲት 29፣ ረቡዕ

ሕጌን ራሴ አፈረስኩ። ሳሚር የሚባል ነጋዴ ለመጋዘኑ ጠባቂ ውሻ ይፈልጋል ሲባል ቅዳሜ ወስጄ ሰጠሁት። ሚያዝያ ገና ነው፤ አውቅ ነበር። ኤዶ ኢዲልን አላስቸግር አልኩ። በዛብህ እንዳይሳለቅ አልኩ። እውነቱ ግን ጠዋት ጠዋት የውሃዋን ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጬ ትጠጣ ይሆን እያልኩ መጠበቅ ሰለቸኝ።

ዛሬ ሄጄ አየኋት። ፀሐይ ላይ በሽቦ አስረዋታል፤ ሽቦው አንገቷን ልጦታል። ስታየኝ አልጮኸችም፣ ጭራዋንም አልነቀነቀችም። ሆዷን መሬት ላይ አጣብቃ ብቻ ጠበቀችኝ። ፈታኋት።

«ዶክተር፣ ውሻ እኮ ነው» አለኝ ሳሚር ግራ ገብቶት። ክፉ ሰው አይደለም። እንዴት እንደምትያዝ ሳልነግረው የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ግቢ ስገባ ኤዶ ኢዲል ቁስሉን ከሩቅ አዩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ አሮጌ የጨርቅ መቀነት ተቀምጦ አገኘሁ።

መጋቢት 7፣ ሐሙስ

አረፋ ነው። ኤዶ ኢዲል አንድ ሳህን አጥንት ይዘው መጡ።

«ላንተ አይደለም» አሉኝ። «አንተ ፆም ላይ ነህ፤ የእኛን ሥጋም አትበላም። ለእንግዳዋ ነው።» ሳህኑን ከሩቅ አስቀምጠው ሄዱ። ሳህኑ ሲታይ ቀድሞውኑ ጫፉ የተሰበረ፣ የሚጣል ነው። ሳቄ መጣ። ከታኅሣሥ ወዲህ ሳቄ ሲመጣ የመጀመሪያዬ ነው።

መጋቢት 8፣ ዓርብ

ለሃጯ ይንጠባጠባል። ውሃውን ታየዋለች፣ አትጠጣም። መንጋጋዋ አልገጥም ብሏል።

ሃምሳ አንደኛ ቀን።

በሩን ቆለፍኩ። ለኤዶ ነገርኳቸው። ሮጬ ሳሚር መጋዘን ሄድኩ፤ ዘበኞቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ፦ ነክሳችኋለች? ልሳችኋለች? ቁስል አላችሁ? አንደኛው እጁን ልሳዋለች። ነገ ሐረር ሄዶ መርፌ እንዲጀምር ሳሚር ፊት አስማልኩት። ሳሚር መኪና እሰጣለሁ አለ።

ዛሬውኑ ነው የነገርኳቸው። በዚያው ሰዓት።

መጋቢት 9፣ ቅዳሜ

ሌሊቱን አልተኛሁም፤ እሱን እተወዋለሁ። የጠዋቱን ልጻፍ።

አራት ሰዓት ላይ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባሁ። ማደንዘዣው ካለቀ ሰንብቷል። እኔ ራሴ ክትባቱን ወስጄ አላውቅም። መንጋጋው የማይገጥም ውሻ ሲታይ ሰው «አጥንት ተሰክቶበታል» ይልና እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፤ እንዲህ ብሎ የሞተው ብዙ ነው። ይህን በየቀበሌው ለአርብቶ አደሩ ሳስተምር የኖርኩት እኔ ነኝ። እንዳትሞክሩት፣ እላለሁ። አስራችሁ ጠብቁ፣ እላለሁ።

ሁለት መንገድ ነበረኝ። ገድዬ መገላገል ወይም አስሬ አሥር ቀን መጠበቅ። ካልጠጣች አሥር ቀን አትቆይም። ሦስተኛው፣ እንዳትሞክሩት የምለውን መሞከር ነው።

ኤዶ ኢዲል ረጅም ዱላ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «ከነከሰችህ ዛሬውኑ ሐረር ይዤህ እሄዳለሁ» አሉ። «ነገ አይደለም። ዛሬ።»

በመቀነቱ አንገቷን ከምሰሶው ጋር አጠጋሁ። የተቀደደ የቆዳ ጓንት አጠለቅኩ። ከቆርቆሮው ቀዳዳ የገባችው ፀሐይ ፊቷ ላይ እስክታርፍ ጠበቅኩ። አፏን ስከፍት ከላይ፣ በሁለቱ መንጋጋዎቿ መካከል እንደ መቀርቀሪያ የተጋደመ ነጭ ነገር አየሁ። አጥንት። የተመኘሁት ስለሆነ ዓይኔን አላመንኩትም፤ አፏን ለቅቄ እንደገና ከፈትኩና አየሁ። ጣቶቼን ከተትኩ። ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ጥርሶቿ ጓንቴ ላይ አርፈዋል፤ አልጨመቀችም። ሳብኩት፣ ወጣ።

ጎድጓዳውን አቀረብኩላት። ያለማቋረጥ ጠጣች። ሁለት ጊዜ ሞላሁላት።

ዞር ስል ኤዶ ኢዲል ዱላቸውን ጥለው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። «የእኔ አጥንት ነው» አሉ። «ወላሂ፣ የእኔ አጥንት ነው።» እያለቀሱ ነበር። እኔም ተቀመጥኩ። ስለ ውሻዋ ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

መጋቢት 23፣ ቅዳሜ

ቀን ቀን ወደ ክሊኒኩ እወስዳታለሁ። ማቆያው በረት ውስጥ የታመሙ ፍየሎች አሉ። መጀመሪያ ከአጥሩ ውጭ አሰርኳት። በሦስተኛው ቀን ወደ ውስጥ አስገባኋት። ፍየሎቹ ተንጋግተው ጥግ ያዙ፤ እሷ መሬት ላይ ተጋድማ ፊቷን አዞረች፤ እኔ እንድትበላ ፊቴን አዞርላት የነበረውን ዓይነት። በሳምንቱ አንዲት ዓይኗ የጠፋ አሮጊት ፍየል መጥታ ጎኗ ላይ ተኛች።

በዛብህ መስኮቱ ላይ ቆሞ ሲያይ አገኘሁት። «የምትወስዳት መንጋ ፈልግላት» አለኝ። አልሳቀም።

ሚያዝያ 5፣ ሐሙስ

ከትናንት ወዲያ ማታ የጉ ዝናብ ጀመረ፣ የፀደዩ ዝናብ። ግቢው ሁሉ ጭቃ ሆኗል፤ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል።

ዛሬ ከሀርሺን ወዲያ ያለ አንድ አርብቶ አደር ለፍየሎቹ መድኃኒት ሊገዛ መጣ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ። የእኔ ሶማሊኛ ይንገዳገዳል፣ እሱ ግን ታግሦ ይሰማኛል። በረቱ ውስጥ ውሻዋን አያት። አሮጊቷ ፍየል ጎኗ ላይ እንደተኛች ነች። ረጅም ጊዜ ቆሞ አየ።

«የማን ናት?»

«የሚወስዳት የላትም። እኔ ነኝ የማቆያት።»

«ጅብ በሦስት ሌሊት አራት ፍየል ወሰደብኝ። ድርቁ ያተረፈልኝን። ውሻዬ በደረቁ ወቅት፣ በጅላል ሞቷል። ለመንጋ የሚሆን ውሻ ለእኛም ይፈቀዳል።» ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሣ። «ግን ባለቤቴ ውሻ የሚል ቃል መስማት አትፈልግም። ልጃችንን እዚህ ከተማ ውሻ ነክሶ ገድሏታል። እህቴ ኻድራ ዘንድ ነበረች፣ ትምህርት ቤት ገብታ።»

ስሙን ጠየቅኩት። ሂርሲ አለኝ።

የበረቱን መቀርቀሪያ አጠበቅኩ።

«ኻድራ ሐኪም ዘንድ አላደረሰቻትም» አለ። «ስለዚያ ቀን ስትጠየቅ ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም። ባለቤቴ ሱዕዲ ከቀብሩ ወዲህ ስሟን አታነሣም። እኔም በሯን አልረግጥም። ሱቋን ዘግታ ተቀምጣለች ይላሉ።»

ውሻዋ አንድ ክትባት ይቀራታል፣ ሰኞ ተመለስ አልኩት። ምንም አይቀራትም።

ሚያዝያ 6፣ ዓርብ

ሥራ። አርባ ፍየል። ምሳ አልበላሁም። ኻድራ አልተናገረችብኝም። ሦስት ወር ሙሉ።

ሚያዝያ 7፣ ቅዳሜ

ዝውውሩ ጸደቀ። ደብረ ብርሃን። ከግንቦት አንድ ጀምሮ መሄድ እችላለሁ።

በዛብህ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ በሩን ዘጋ። ስለ ሂርሲ ነገርኩት። አንድም ነገር አልደበቅኩም።

«ስማኝ» አለኝ። «ውሻዋን ስጠው፣ ደብዳቤህን ይዘህ ሂድ። ይህን ከተናገርክ በጎሳው ሽማግሌ ፊት ትቆማለህ፤ ከሥራም ልትባረር ትችላለህ። ልጅቷ እንደሆነች አትመለስም።»

«ኻድራስ?»

«እኔ አልሰማሁም» አለና በሩን ከፈተልኝ።

ሚያዝያ 8፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ኤዶ ኢዲል ግቢ ውስጥ ልብስ ያሰጣሉ። «ኤዶ፣ የምነግርዎት አለ» አልኩ።

እርጥቡን ጨርቅ እንደያዙ ቆሙ። «ስለ ልጅቷ ነው?»

«አዎ።»

«ለእኔ አትንገረኝ» አሉ። «እኔ አባቷ አይደለሁም።» ልብሱን ገመዱ ላይ ዘረጉ።

ሚያዝያ 9፣ ሰኞ

ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። በረቱ አጠገብ ያለው የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩት። በሶማሊኛ ትናንት ሙሉ ቀን ሳጠናው የዋልኩትን ዓረፍተ ነገር ረሳሁት። እንደመጣልኝ ተናገርኩ።

«ሂርሲ፣ ኻድራ ልጅቷን ሐኪም ዘንድ አልወሰደችም ብለሃል። ወስዳታለች። እኔ ዘንድ ነው የመጣችው። ዶክተር ይሉኛል፤ አምናኝ መጣች።»

ዱላውን አጠገቡ አጋደመ።

«ሐረር ወስጄ መርፌ ላስወጋት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ውሻውን አውቀዋለሁ፣ ራሴ ከትቤዋለሁ፣ አያስፈልግም አልኳት። ክትባቱን የሰጠሁት መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ከሞቀ በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜ አላሰብኩበትም። አሥር ቀን ውሻውን እንጠብቅ፣ ደህና ከሆነ ልጅቷም ደህና ናት አልኳት። በአምስተኛው ቀን ውሻው መጥፋቱ ተነገረኝ። በዚያች ሰዓት ሄጄ ልጅቷን ሐረር ውሰጃት ማለት ነበረብኝ። አልሄድኩም። እህትህ ያጠፋችው የለም፤ እኔ ያልኳትን ነው ያደረገችው።»

«በዚያ ቀን ብትነግራት ትድን ነበር?»

«ትድን ነበር ብዬ አምናለሁ።»

«ለምን አልነገርካትም?»

ለዚህ ጥያቄ የለመድኩት መልስ አለኝ። ለበኃይሉ ሰጥቼዋለሁ፤ በዚህ ደብተር ላይም ጽፌዋለሁ። «ፈራሁ» አልኩት። «ተሳስቻለሁ ማለት ፈራሁ። ውሻው ነገ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል እያልኩ ቀኑ አለፈ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማለፉን ፈራሁ።»

ሂርሲ ተነሣ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። በረቱን አላየም። ወጥቶ ዝናቡ ውስጥ ገባ፤ ዱላውን አግዳሚው ላይ ረስቶት ሄደ።

ሚያዝያ 10፣ ማክሰኞ

ገና ክሊኒኩ ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዱላውን ሰጠሁት። ተቀበለኝ። እጄን ስዘረጋ ግን አልጨበጠኝም።

«ኻድራ ዘንድ አድሬ ነው የመጣሁት» አለ። «ያለችኝና ያልከኝ አንድ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የእናቴን ልጅ ሰላም አላልኳትም።»

«ሽማግሌ ብትልክብኝ እቀርባለሁ። የትም አልሄድም።»

«እሱን ወገኖቼ ይመክሩበታል። ዛሬ ጅቡ አይጠብቀኝም። ውሻዋን ስጠኝ።»

በሽቦ እንዳትታሰር፣ መጀመሪያ ከግልገሎቹ ጋር እንድታድር፣ ከእጅ ሲሰጣት ፊት ማዞር እንደሚያስፈልግ ነገርኩት። ሁሉንም ሰማ። አንዱን መልሶ ጠየቀኝ፤ ስለ ግልገሎቹ ነው። የጭነት መኪናው ላይ ከሦስት ፍየሎች ጋር ስትወጣ ወደ እኔ ዞራ አየች። ልትወርድ ነው ብዬ ተራመድኩ። ፍየሎቹ መሐል ተኛች። መኪናው ሄደ።

የዕቃ ቤቱን ጆንያ ከመስኮቱ ላይ አነሣሁ። ኤዶ ኢዲል ወለሉን በውሃና በአፈር ሲያጥቡ አግዤያቸው ዋልኩ። ሰባት ጊዜ ነው፤ ቆጥረውታል።

ሚያዝያ 22፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ለደብረ ብርሃኑ ደብዳቤ መልስ አልጻፍኩም። ሽማግሌም አልመጣም። በኃይሉ ዘንድ ሄጄ አብረን ፈሰክን። የኻድራን ሱቅ ሳልፍ በሩ ተከፍቶ አየሁ። እሷ ነበረች፤ አየችኝ። ራሷን ዝቅ አደረገች፣ ሰላምታ ይሁን ሌላ አላወቅኩም።

ግንቦት 11፣ ዓርብ

ሀርሺን ሄጄ ተመለስኩ።

ፍየል ለመከተብ ነው የተላክነው፣ አምስት ቀን። የመጨረሻው ቀን ከሂርሲ ሰፈር ደረስን። መሬቱ ለምልሟል፤ ፍየሎቹ ሆዳቸው ሞልቷል። ገና ከሩቅ አንዲት ቀይ ውሻ ከመንጋው ፊት ወጥታ ጮኸችብኝ። ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔ ዘንድ አንድም ቀን አልጮኸችም። ቀረብ ስል አሽታ አወቀችኝ፤ ጭራዋ ሁለት ጊዜ ተወዛወዘ፤ ከዚያ ወደ ፍየሎቿ ተመለሰች። ጉዱዶ ይሏታል፣ ቀይዋ ማለት ነው።

ሂርሲ ፍየሎቹን እየያዘልኝ አስከተበ። ከሥራው ውጭ ቃል አልተነጋገርንም። ስጨርስ ግን «ባለቤቴ ልታይህ ትፈልጋለች» አለኝ። አላምንህም ልለው ነበር።

ሱዕዲ ከጎጆው ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ኻድራ አጠገቧ ናት፤ ወተት ከዕቃ ወደ ዕቃ ትገለብጣለች። ቆሜ የምወቀስ መስሎኝ ቆምኩ። ሱዕዲ ምንጣፉን አሳየችኝ፤ ተቀመጥኩ።

ፊቴን ሳታይ ተናገረች። «እኔ የደረስኩት ከተቀበረች በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ አላየኋትም። ኻድራ ስለዚያ ቀን ስትጀምር ለቅሶ ይቀድማታል። አንተ አይተሃታል። ምን ትመስል ነበር?»

አልጽፍም ያልኩትን ነው የጠየቀችኝ። አንዲቷንም ነገር አልረሳሁም።

አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር አልኳት፤ ማሰሪያውን ውሻው በጥሶታል። አክስቷ ታለቅሳለች፣ እሷ አላለቀሰችም። ቁስሉን በሳሙና ሳጥብ እንዳያማት ብዬ አማርኛ ትችያለሽ ወይ አልኳት፤ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ አለችና እስከ ሃያ ቆጠረችልኝ። አሥራ አራትን ዘለለች። ኻድራ ልታርማት ስትል ተቆጣቻት። ከዚያ የውሻው ስም ማነው አለችኝ። ቡቺ አልኳት፤ ስሙ አሳቃት። ይመቱታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንዳይመቱት ንገራቸው፣ ጭራውን የረገጥኩት እኔ ነኝ አለች። ለዚህ ነው ውሻው አላበደም ብዬ ያመንኩት አልኳት ለሱዕዲ፤ ግን ይህ ሰበብ እንዳይሆንብኝ። አይሆንብህም፣ ቀጥል አለች። ስትሄድ በረቱ ውስጥ ያለችውን ግልገል ዳሰሰቻት፤ እናቴ ዘንድ ከዚህ የምትበልጥ አለችኝ አለች። በአንድ ጫማ እያነከሰች በር ላይ ደረሰች፤ ዞር ብላ ባይ ባይ አለችኝ።

ኻድራ የወተቱን ዕቃ ይዛ ቀርታለች። ሂርሲ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል።

ሱዕዲ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ከዚህ የምትበልጥ አለችኝ አለች?» አለችኝ።

«ብላለች።»

ወተቱን ከኻድራ ተቀብላ ፊቴ አስቀመጠችው። «ጠጣ» አለችኝ። «ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ጠጣሁ። ከመጀመሪያው ነገርኳት።